ደጅ ጠባቂውና ምሥጢሩ፦ በኔትወርክ የሚደረስባቸው የመረጃ ማከማቻዎች የመግቢያ ማረጋገጫ አጭር ታሪክ

በወረታ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር፣ በጽሑፍ የተገለበጠ



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥኩት ርእስ ሲሰሙት የታሪክ ሰው ሊናገርበት የሚገባ አይመስልም። አንድ ኮምፒውተር ሩቅ ካለ የመረጃ ማከማቻ ጋር ሲገናኝ፣ ማከማቻው «አንተ ማን ነህ?» ብሎ የሚጠይቅበትና መልሱን መርምሮ የሚያስገባበት ወይም የሚመልስበት ሥርዓት የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው ይባላል። እኔ ሥራዬ የብራና መጻሕፍት ታሪክ ነው። በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ጥያቄው ከኮምፒውተር በፊት ብዙ ዘመን የኖረ መሆኑን ያውቃል። ዛሬ ደግሞ የብራናዎቻችን ምስል የሚቀመጠው በእነዚሁ ማከማቻዎች ውስጥ ስለሆነ፣ የበሩ ጠባይ የእኛም ጉዳይ ሆኗል።

ላሳያችሁ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። የመግቢያ ማረጋገጫ ታሪክ፣ ምሥጢርን ሳይገልጡ ምሥጢሩን ማወቅን ለማስመስከር የተደረገ ጥረት ታሪክ ነው። ጥረቱ በብዙ መልኩ ተሳክቷል። ነገር ግን አንዱ በር በረቀቀ ስሌት ሲጠበቅ ሌላው ከተዘነጋ፣ ስሌቱ ብቻውን የሚጠብቀው ነገር የለም።

የዕቃ ቤቱ ደጅ

ከዚህ ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ አዲስ ዘመን ስንደርስ፣ ከከተማው አጠገብ ባለው በደን በተሸፈነ ተራራ ላይ ጣራ ገዳምን እናገኛለን። ዙሪያው ተመንጥሮ እርሻ ሲሆን ደኑ የተረፈው በገዳሙ ጥላ ሥር በመኖሩ ነው። አጥር ሳይኖረው በክብር ብቻ የተጠበቀ ሀብት ነው ማለት ይቻላል። መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ግን በክብር ብቻ አይጠበቁም፤ በር፣ ቁልፍና ጠባቂ ይሻሉ።

በአገራችን ገዳማትና አድባራት በጠቅላላ የታወቀውን ልማድ እናስብ። የዕቃ ቤት ጠባቂ እንግዳን ወዲያው አያስገባም። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደላከው፣ ምን ሊያይ እንደፈለገ ይጠይቀዋል። ከሚመለከተው አካል የተጻፈ ደብዳቤ ወይም የሚያውቁት ሰው ምስክርነት ይሻል። በብዙ ቦታ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከአንድ በላይ ነው፤ አንዱ በገበዙ፣ ሌላው በአስተዳዳሪው ወይም በሌላ አገልጋይ እጅ ይቀመጣል፤ ባለ ቁልፎቹ ሳይሟሉ በሩ አይከፈትም። ጠባቂው ሲለወጥ ደግሞ ንብረቱ በመዝገብ እየተቆጠረ ርክክብ ይደረጋል።

በዚህ ልማድ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። የመጣው ሰው ማን እንደሆነ ማረጋገጥ አንዱ ነው። ያ ሰው ምን እንዲያይና እንዲነካ እንደተፈቀደለት መወሰን ሁለተኛው ነው። የተደረገውን መመዝገብ ሦስተኛው ነው። የኮምፒውተር ሰዎችም እነዚህን ሦስቱን ለያይተው ያያሉ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። የዛሬው ርእሳችን የመጀመሪያው ቢሆንም ያለ ሁለቱ ምሉዕ እንደማይሆን አስቀድመን እንያዝ።

ይህ ጥበቃ ለምን ከበደ? ብራናው ራሱ የመረጃ ማከማቻ ስለነበር ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ የኢየሱስ ሞዓ ወንጌል፣ እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈ መጽሐፍ፣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በእንዲህ ዓይነት ወንጌሎች ባዶ ገጾች ላይ የመሬት ስጦታ፣ የምስክሮች ስምና ቃሉን የሚለውጥ ሰው ላይ የሚወርድ ውግዘት ይጻፍ ነበር። ወንጌሉን በሥውር ከፍቶ አንድ መስመር የፋቀ ወይም የጨመረ ሰው የአንድን ደብር ርስት ሊያናጋ ይችል ነበር። ስለዚህ «ማን ገባ?» የሚለው ጥያቄ ከመጽሐፍ አልፎ የእንጀራ ጥያቄ ነበር።

የያዘ፣ ያወቀ፣ የሆነ

ማንነትን ለማረጋገጥ የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ የተጠቀመባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በያዘው ዕቃ ነው። የነገሥታት ማኅተም እንዲህ ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ የአንበሳ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ የንጉሠ ነገሥቱ ቃል ሆኖ ይቆጠር ነበር። የዚህ መንገድ ድካም ግልጽ ነው፤ ማኅተሙ የሚመሰክረው ስለ ራሱ እንጂ ስለያዘው እጅ አይደለም።

ሁለተኛው በሚያውቀው ነገር ነው። በጦር ሰፈር ሌሊት የሚሰጥ የይለፍ ቃል እንዲህ ነው። ድካሙም የታወቀ ነው፤ ቃሉ አንድ ጊዜ ጮክ ተብሎ ከተነገረ፣ በጨለማ የተደበቀ ጠላትም ያውቀዋል። ሦስተኛው በራሱ በሰውየው ተፈጥሮ ወይም ልማድ ነው። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 የገለዓድ ሰዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ «ሺቦሌት በል» እያሉ የኤፍሬምን ሰዎች የለዩት በዚህ መንገድ ነበር። ቃሉ ምሥጢር አልነበረም፤ የሚፈተነው የአፍ ልማድ ነበር።

የኮምፒውተር ዘመን የወረሰው በተለይ ሁለተኛውን ነው፤ ከነድካሙ።

የመጀመሪያዎቹ የይለፍ ቃሎች

እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በፈርናንዶ ኮርባቶ የሚመራ ቡድን ብዙ ሰዎች አንድን ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ የሚጋሩበትን ሲቲኤስኤስ የተባለ ሥርዓት ለዕይታ አቀረበ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ፋይልና የተመደበለት ሰዓት ስለነበረው የይለፍ ቃል ተሰጠው። የይለፍ ቃሎቹም ሁሉ በአንድ ፋይል ውስጥ እንዳሉ ተጽፈው ተቀመጡ።

ችግሩ ለመታየት አልዘገየም። በ1962 አለን ሼር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ የተፈቀደለት ሰዓት አልበቃው ሲል፣ ያ ፋይል እንዲታተምለት በካርድ አዘዘ፤ ማሽኑም ታዘዘ። ይህንን ብዙ ዓመት ቆይቶ ራሱ ተናግሯል። በ1966 ደግሞ አንድ አስተዳዳሪ የዕለቱን መልእክት፣ ሌላው የይለፍ ቃሎቹን ፋይል በአንድ ጊዜ ሲያርሙ ፋይሎቹ ተቀያየሩ። ከዚያ በኋላ የገባ ተጠቃሚ ሁሉ በሰላምታ ምትክ የባልደረቦቹን ሁሉ የይለፍ ቃል በፊቱ አገኘ። ሁለቱም ክስተቶች የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው፤ ጠባቂው ምሥጢሩን በግልጽ ይዞ ከተቀመጠ፣ ጠባቂው ራሱ የመጀመሪያው አደጋ ይሆናል።

መልሱ ከእንግሊዝ ካምብሪጅ መጣ። በ1960ዎቹ ሮጀር ኒድሃም ቃሉን ራሱን ከማስቀመጥ ይልቅ፣ ወደ ኋላ በማይመለስ ስሌት የተለወጠውን ቅርጹን ማስቀመጥ እንደሚቻል አሳየ። እህል ተፈጭቶ ዱቄት ከሆነ በኋላ ወደ እህልነት አይመለስም፤ ያው እህል በያው ወፍጮ ሲፈጭ ግን ያንኑ ዱቄት ይሰጣል እንበል። የመጣው ሰው ቃሉን ሲሰጥ ቃሉ ይፈጫል፤ ከተቀመጠው ዱቄት ጋር ከተመሳሰለ ይገባል። ዱቄቱን የሰረቀ ሌባ ቃሉን አላገኘም። ይህ ስሌት ዛሬ ሐሽ ይባላል።

ይሁን እንጂ ሌባው እህሉን መገመት ይችላል። በ1979 ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምሰን ባሳተሙት ጽሑፍ 3,289 የይለፍ ቃሎችን መርምረው፣ 2,831ዱ ማለትም 86 በመቶው እጅግ አጭር ወይም ከመዝገበ ቃላትና ከስም ዝርዝር በቀላሉ የሚገኙ መሆናቸውን አሳዩ። ሰው የሚመርጠው ምሥጢር ለሰው የሚቀል ምሥጢር ነው።

ገመዱ ሲረዝም

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ሰውና ስለ ኮምፒውተር ነው። አሁን ኮምፒውተርና የመረጃ ማከማቻ ወደሚገናኙበት ቦታ ልለፍ።

እ.ኤ.አ. በ1986 ስካዚ የተባለው ኮምፒውተርን ከዲስክ ጋር የማያያዣ ሥርዓት በአሜሪካ ደረጃ ወጣለት። በዚህ ሥርዓት ዲስኩ «አንብብ» ሲባል ያነባል፤ «ጻፍ» ሲባል ይጽፋል። ማን እንዳዘዘው አይጠይቅም። መጠየቅም አያስፈልገውም ነበር፤ ገመዱ በተለመደው ዓይነት ከ6 ሜትር፣ በተሻሻለው ዓይነት ከ25 ሜትር አይበልጥምና። ዲስኩን ለማዘዝ የፈለገ ሰው ወደ ክፍሉ መግባት ነበረበት። የዲስኩ ደጅ ጠባቂ የክፍሉ በርና የገመዱ እጥረት ነበሩ።

ኋላ ግን ተቋማት ብዙ ዲስኮችን በአንድ ቦታ ሰብስበው ለብዙ ኮምፒውተሮች ማጋራት ፈለጉ። በኤፕሪል 2004 አርኤፍሲ 3720 በሚል መለያ የወጣው ሰነድ፣ ዋና አርታዒው የአይቢኤም ባልደረባ ጁሊያን ሳትራን የነበረ፣ የስካዚን ትእዛዞች በተራው የኢንተርኔት ሥርዓት ላይ የሚያሳፍር አይስካዚ የተባለ ደንብ አወጣ። ትእዛዞቹ አልተለወጡም፤ ዲስኩ አሁንም ማን እንዳዘዘው አይጠይቅም። የተለወጠው ገመዱ ነው። የገመዱ ርዝመት የኔትወርኩ ርዝመት ሆነ፤ በአሮጌው ክፍል በር ምትክ ሌላ ደጅ ጠባቂ አስፈለገ። የአይስካዚ ግንኙነት ሁሉ በመግቢያ ምዕራፍ እንዲጀምር የተደረገው ለዚህ ነው። ይህ ምዕራፍ ሳይጠናቀቅ አንዲት የማንበብ ወይም የመጻፍ ትእዛዝ አታልፍም።

የቅኔ ተማሪው

ለዚህ ምዕራፍ ጠባቂ ሆኖ የተመረጠው ቻፕ የተባለው ሥርዓት አዲስ አልነበረም። በ1992 ለሞደም ግንኙነት ተዘጋጅቶ በ1996 በአርኤፍሲ 1994 የተሻሻለ ነው። ኢትዮጵያ ከኢንተርኔት ጋር በይፋ በተገናኘችበት በ1997፣ በዓለም ዙሪያ በስልክ መስመር የሚገቡ ሰዎችን ማንነት ለማረጋገጥ ያገለግሉ ከነበሩት መንገዶች አንዱ ነበር።

ሐሳቡን ለማስረዳት ከቅኔ ቤት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በንባብ ቤት ተማሪው ያጠናውን ይደግማል፤ ያንኑ ንባብ የሰማ ሌላ ሰው ነገ ሊደግመው ይችላል። በቅኔ ቤት ግን እንዲህ አይደለም። ተማሪው በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። የትናንቱን ይዞ ቢመጣ፣ ወይም የባልደረባውን ሰምቶ ቢያቀርብ አይቆጠርለትም። መምህሩ የሚያረጋግጠው ተማሪው በውስጡ ያለውን የማይታይ ሙያ ነው፤ ማረጋገጫው ግን በየቀኑ አዲስ ነው።

በቻፕ ሥርዓት ኮምፒውተሩና ማከማቻው አስቀድመው አንድ ምሥጢር ይጋራሉ። ኮምፒውተሩ ሲያንኳኳ፣ ማከማቻው ለዚያች ጊዜ ብቻ በዕጣ የወጣ ረጅም ቁጥርና አንዲት መለያ ይልክለታል። ኮምፒውተሩ መለያዋን፣ ምሥጢሩንና የተላከለትን ቁጥር አቀናጅቶ ኤምዲ 5 በተባለ የማይመለስ ስሌት ይፈጫል፤ ስሙንና ዱቄቱን መልሶ ይልካል። ማከማቻውም በራሱ በኩል ያንኑ ያሰላል። ሁለቱ ከተመሳሰሉ በሩ ይከፈታል። ምሥጢሩ ራሱ በመንገድ ላይ አላለፈም። መንገዱ ላይ የተደበቀ ሰው መልሱን ቢይዘውም፣ ነገ ሌላ ጥያቄ ስለሚመጣ አይጠቅመውም። በጨለማ ጮክ ተብሎ ይነገር የነበረው የይለፍ ቃል ድካም እዚህ ላይ ተፈወሰ።

ደንቡ ከዚህም አንድ እርምጃ ይራመዳል። ኮምፒውተሩ በተራው ማከማቻውን መጠየቅ ይችላል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ጠላት ራሱን እንደ ማከማቻ አስመስሎ ቢቆም፣ ኮምፒውተሩ ሰነዶቹን በገዛ እጁ ይሰጠዋልና። ነገር ግን ለሁለቱ አቅጣጫ አንድ ምሥጢር መጠቀም ክልክል ነው። ምክንያቱን ተመልከቱ። ምሥጢሩን የማያውቅ ሰው ጥያቄ ሲቀርብለት፣ ያንኑ ጥያቄ ገልብጦ ማከማቻውን «አንተስ ይህን መልስ» ሊለው ይችላል። ምሥጢሩ አንድ ከሆነ ማከማቻው የገዛ ጥያቄውን መልስ ያስረክበዋል። መምህሩን አናግሮ፣ የመምህሩን ቅኔ መልሶ ለመምህሩ እንደማቅረብ ማለት ነው።

ስሌቱ የማይደርስበት

ሊቃውንቱ «ምሳሌ ዘየሐጽጽ» እንደሚሉት የቅኔው ምሳሌም የሚጎድለው ነገር አለ። የቅኔ መምህር የተማሪውን ሙያ ከአእምሮው ሰርቆ የሚወስድበት ሰው የለም። የማከማቻው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ማከማቻው መልሱን ራሱ ማስላት ስላለበት፣ ምሥጢሩን በሚመለስ መልክ መያዝ ግድ ይሆንበታል። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ይህ የካምብሪጅን ትምህርት ወደ ኋላ የሚመልስ ነው። መንገዱን ለመጠበቅ ሲባል ቤቱ ተጋለጠ። በታሪክ እንደምናየው፣ አንዱን ቀዳዳ የደፈነ መፍትሔ ሁሉ የራሱን ዋጋ ያስከፍላል።

ሁለተኛው ጉድለት ከሞሪስና ከቶምሰን ጥናት ጋር ይገናኛል። መንገድ ላይ ጥያቄውንና መልሱን የያዘ ሰው፣ ቤቱ ተቀምጦ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቃሎችን እየፈጨ ማነጻጸር ይችላል። ምሥጢሩ የከተማ ስም ወይም የልደት ዓመት ከሆነ ያገኘዋል። ስለዚህ ደንቡ ምሥጢሩ ቢያንስ 96 ቢት የሚያህል በዕጣ የወጣ እንዲሆን ይመክራል፤ ሰው የሚያስታውሰው ሳይሆን ማሽን የሚያመነጨው።

ሦስተኛው ጉድለት ከሁሉ የሚዘነጋው ነው። ቻፕ የሚጠብቀው መግቢያውን ብቻ ነው። በሩ ከተከፈተ በኋላ የሚያልፈው ሰነድ በግልጽ ያልፋል፤ በመንገድ ያለ ሰው ሊያነበው፣ ሊለውጠውም ይችላል። ይህን ለመከላከል አይፒሴክ የተባለው የመንገድ ጥበቃ ወይም ለብቻው የተለየ ኔትወርክ ያስፈልጋል። ብራናውን የሚያወጣውን ሰው ለይቶ፣ ከዕቃ ቤቱ እስከ ንባብ ክፍሉ ድረስ ብቻውን የሚልክ ጠባቂ ሥራውን ግማሽ ብቻ ነው የሠራው።

ከመቅደላ እስከ ለንደን

እስካሁን ያልኩት የደንብ ታሪክ ነው። አሁን የእኛን መጻሕፍት ወደነካው ክስተት እመጣለሁ።

ዐፄ ቴዎድሮስ መዲናቸው ካደረጓት ከደብረ ታቦር፣ ከዚህ ከወረታ በስተምሥራቅ ካለችው ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1867 ወደ መቅደላ ሲጓዙ ሴባስቶፖልን ብቻ አልነበረም ያሰቡት። በመቅደላ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ለማቋቋም ከጎንደርና ከሌሎች አድባራት ብራናዎች ሰብስበዋል። ብዙዎቹ መጻሕፍት ከየዕቃ ቤታቸው የወጡት በኃይል እንደነበር መዘንጋት የለብንም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ምርኮውን በ15 ዝሆኖችና 200 ገደማ በቅሎዎች ጭኖ ወሰደ። ከመጻሕፍቱ 350 የሚያህሉት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ቤተ መጻሕፍቱ ብዙዎቹን በዲጂታል ምስል አንሥቶ በኢንተርኔት አውጥቷቸው ነበር። የዚህ አካባቢ ተማሪ ወደ ለንደን ሳይጓዝ፣ አያቶቹ ያነበቡትን ገጽ በስልኩ ማየት የሚችልበት ዘመን መጥቶ ነበር።

በጥቅምት ወር 2016 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 መጨረሻ፣ ያ ገጽ ጠፋ። ራይሲዳ የተባለ የወንጀለኞች ቡድን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ኔትወርክ ገብቶ 600 ጊጋባይት የሚያህል መረጃ ገልብጦ ወሰደ፤ አገልጋይ ኮምፒውተሮችንም ከጥቅም ውጭ አደረገ። ቤተ መጻሕፍቱ ቤዛ አልከፈለም። የዲጂታል ብራናዎቹ አገልግሎት ለወራት ተቋረጠ።

ቤተ መጻሕፍቱ በማርች 2024 ስለ ክስተቱ ግልጽ ዘገባ አወጣ። እንደ ዘገባው፣ ሰርጎ ገቦቹ መጀመሪያ የታዩበት በ2020 ለውጭ አጋሮችና ለሥርዓቱ አስተዳዳሪዎች የርቀት መግቢያ እንዲሆን በተተከለ አገልጋይ ላይ ነው። በሌሎች አገልግሎቶች ላይ ከይለፍ ቃል በተጨማሪ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጠየቅ ነበር፤ በዚህ በር ግን አይጠየቅም ነበር። አንድ ሥልጣን ያለው ሰው የይለፍ ቃል በጠላት እጅ ሳይወድቅ አልቀረም፤ በሩም ሌላ ምስክር ሳይሻ ተከፈተ።

ይህ የአይስካዚ በር አልነበረም፤ ለዚህም ነው ያነሣሁት። በማከማቻውና በኮምፒውተሩ መካከል የሚደረገው ጥያቄና መልስ የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን፣ የተፈቀደለትን ኮምፒውተር የሚያዝዘው ሰው ማንነቱ ካልተረጋገጠ፣ ማከማቻው ለሌባው በታማኝነት ይታዘዛል። ማኅተሙን የያዘው እጅ የማን እንደሆነ አይጠይቅምና። በዕቃ ቤቱ ልማድ ቋንቋ ስንናገር፣ ያ በር አንድ ቁልፍ ብቻ ነበረው።

የእኛ ድርሻ

ከዚህ ታሪክ «መጻሕፍቱን በዲጂታል ማስቀመጥ አያስፈልግም ነበር» የሚል መደምደሚያ የሚያወጣ ሰው ይኖራል። አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1973 በኢትዮጵያ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቷል። ቅጂው በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል፣ በሁለት ቦታ ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በዚያ ተቀምጠው ዘመናቸውን ሙሉ የሠሩት ዝርዝር ባይኖር፣ እኔና እናንተ የምናውቀው ታሪክ እጅግ ያነሰ ይሆን ነበር። ዛሬ ብዙዎቹን ምስሎች በኮሌጅቪል የኢንተርኔት ንባብ ክፍል ስሙን አስመዝግቦ የገባ ሰው ሁሉ ያነባቸዋል። ይህ በር የሚጠይቀው ስምህን እንጂ ገዳሙ ፈቅዶልህ እንደሆነ አይደለም። ማንነትንና ፈቃድን ለይተን እንያዝ ያልኩት ስለዚህ ነው፤ ለወደፊቱ ገዳማቱ ራሳቸው በፈቃዱ ላይ ምን ድርሻ ይኑራቸው የሚለው ጥያቄ ገና አልተዘጋም።

እኛ ግን ከእንግዲህ የሰው በር ተመልካቾች ብቻ አይደለንም። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የምርምር ውጤት፣ የተማሪዎቻችን መዝገብ፣ የገበሬው የመሬት ይዞታ ሰነድ ወደ ማከማቻዎች እየገባ ነው። በፎገራ ሜዳ የአንድ ቤተሰብ ኑሮ በአንድ የሩዝ ማሳ ወሰን ላይ ይቆማል። ትናንት ያ ወሰን በወንጌል ገጽ ላይ ተጽፎ በውግዘት ይጠበቅ ነበር። ብራና ሲፋቅ ጠባሳ ይተዋል፤ በዲስክ ላይ የተለወጠ ቁጥር ግን መዝገብ ካልተያዘለት ጠባሳ የለውም።

ስለዚህ በየተቋማችሁ ማከማቻ የምታስተዳድሩ ወይም ነገ የምታስተዳድሩ፣ ከታሪኩ እነዚህን ውሰዱ። ምሥጢሩን ሰው ሳይሆን ማሽን ያመንጨው፤ ለሁለቱ አቅጣጫ ሁለት የተለያየ ይሁን። የማከማቻው መንገድ ከተራው ኔትወርክ ይለይ። በርቀት ለሚገባ አስተዳዳሪ አንድ ቁልፍ አይብቃው። ቅጂው በሌላ ቦታ፣ ከኔትወርኩ ተነጥሎ ይቀመጥ። አንድ ባለሙያ ሥራ ሲለቅ ደግሞ እንደ ዕቃ ቤቱ ሥርዓት ርክክብ ይደረግ፤ የሚያውቀው ምሥጢር በዚያው ቀን ይለወጥ። ይህ የመጨረሻው ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከሁሉ ይልቅ የሚታለፈው ግን እርሱ ነው።